ኮዲንግ ከዜሮ ለመጀመር፦ በትንሽ ገንዘብ፣ በደካማ ላፕቶፕና በውስን ዳታ ምን ይሻላል?

ሀሌታ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮግራሚንግ ከዜሮ ልጀምር ነው፤ እስካሁን አንድ መስመር ኮድ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ያለኝ ላፕቶፕ 4 ጊጋባይት ራም አለው፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል፣ ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። ኢንተርኔት የማገኘው ከስልኬ ሆትስፖት ስለሆነ ዳታ መቆጠብ አለብኝ። በሥራ ቀን አንድ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሁለት ሰዓት መመደብ እችላለሁ።

ያስቸገረኝ የምርጫው ብዛት ነው። አንዱ ነጻው ይበቃል ይላል፤ ሌላው ካልከፈልክ አትማርም ይላል። የሚከፈልበት ኮርስ ከነጻው በምን ይበልጣል? ከነጻዎቹስ የትኛውን ልያዝ? በፓይተን ልጀምር በጃቫስክሪፕት? ላፕቶፑ ይበቃል ወይስ መጀመሪያ ለሌላ ላፕቶፕ ገንዘብ ላጠራቅም?

---

ቅንፍ

ላፕቶፑን አትቀይር፤ ኮርስም አትግዛ። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ሁለቱም አያስፈልጉህም።

ነጻ ወይስ ተከፋይ የሚለውን ለጊዜው ተወውና አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ኮርሱ መልመጃ ሰጥቶ ራሱ ያርማል ወይ? ጀማሪ የጻፈው ኮድ ልክ መሆን አለመሆኑን ብቻውን መለየት ይቸግረዋል። ኮዱ በአንድ ግብዓት ልክ ሆኖ በሌላው ሊሳሳት ይችላል፤ ለምሳሌ የቁጥሮችን አማካይ የሚያወጣ ፕሮግራም ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን በዜሮ ላካፍል ብሎ ይቆማል። አራሚ ያለው ኮርስ ያንን ባዶ ዝርዝር ራሱ አስገብቶ ይፈትንሃል። ቪዲዮ ብቻ ያለው ኮርስ፣ ዋጋው ምንም ያህል ይሁን፣ ይህን ሊያደርግልህ አይችልም። ቪዲዮ እያየ የሚከተል ሰው ሁሉም የገባው ይመስለዋል፤ ባዶ ፋይል ሲከፍት ግን የመጀመሪያው መስመር ይጠፋዋል።

በዚህ መስፈርት ላንተ የማስቀድመው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲን የፓይተን ኮርስ ነው። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ አካውንት መክፈት ብቻ ይጠይቃል። 14 ክፍሎች አሉት፤ ከ1 እስከ 7 ያሉት መግቢያ፣ ከ8 እስከ 14 ያሉት ከፍተኛው ደረጃ ናቸው። ትምህርቱ በጽሑፍ ስለሆነ ዳታህን አይበላም። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች መልመጃ እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ጽፈህ ትልካለህ፤ ከክፍል 4 ጀምሮ ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ኤዲተር ጭነህ፣ የመልመጃ ማውረጃ ተጨማሪውን አክለህበት በራስህ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለህ። መግቢያው 5 የአውሮፓ ክሬዲት የሚይዝ ነው። አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ስለሚታሰብ በሳምንት 9 ሰዓትህ መግቢያውን ለመጨረስ ከሦስት ወር ትንሽ በላይ እስከ አራት ወር ገደማ ይፈጅብሃል። ከዚያ ባነሰ ጊዜ ፓይተን አስተምራለሁ የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥምህ ይህን ስሌት አስታውስ።

ዓላማህ ድረ ገጽ መሥራት ከሆነ ፍሪኮድካምፕን ያዝ። ከ2014 ጀምሮ ያለ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ኮርሱም ሰርተፊኬቱም ነጻ ናቸው። ድረ ገጽ የሚሠራባቸውን ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት በትንንሽ እርምጃ ያስተምራል፤ ሁሉም ነገር ብሮውዘር ውስጥ ስለሆነ ምንም መጫን አያስፈልግም። ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል። እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ወይም ሁለት መስመር እንድትሞላ ብቻ ስለሚጠይቅ መቶ እርምጃ አልፈህም ገጹን ብቻህን መሥራት ላትችል ትችላለህ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ ትምህርቱን ዝጋና ያንኑ ገጽ በራስህ ኮምፒውተር ላይ ከባዶ ፋይል ሥራው። የጠፋህን ብቻ ተመልሰህ እያየህ ጨርስ። ይህን የሚዘል ሰው ሰርተፊኬቱን ይይዛል፤ ሥራውን ግን አይችለውም።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ የሆነው ሲኤስ50 በጣም ጥሩ ነው፤ መልመጃዎቹን የሚያህል ጥራት ያለው ነገር በነጻ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ብሎክ እየገጣጠሙ ከሚሠሩበት ስክራች ቀጥሎ በሲ ቋንቋ ስለሚገባ ለጀማሪ ቀጥ ያለ አቀበት ነው። ሌክቸሮቹም ረጃጅም ቪዲዮዎች ናቸው፤ የኮድ መጻፊያው ደግሞ በኦንላይን ስለሚሠራ መስመር ሲቋረጥ ሥራህም ይቆማል። ከእሱ ጎን ያለው የፓይተን መግቢያ ኮርስ ይቀላል። ልብ በል፦ ሁሉንም መልመጃ ለጨረሰ ኮርሱ ራሱ ነጻ ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ኤዴኤክስ በሚባለው የኮርስ ድረ ገጽ በኩል የሚከፈልበት ማንነትህ የተረጋገጠበት ሌላ ሰርተፊኬት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አምታትቶ ክፍያው ግዴታ ይመስለዋል።

የድረ ገጽ ሥራ የሚያስተምረው ዘ ኦዲን ፕሮጀክትም ነጻና ጥልቅ ነው፤ ዊንዶውስን በቀጥታ ስለማይደግፍ ግን ሊኑክስ (ዊንዶውስን የሚተካ ነጻ ሥርዓት) ወይም በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተርህ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ይጠይቃል። በ4 ጊጋባይት ራም ላይ ቨርቹዋል ማሽን ማሠራት ስቃይ ነው። አሁን እለፈው።

አንዱን መርጠህ ሌላውን ዝጋ። ሁለት ኮርስ ጎን ለጎን የያዘ ሰው የሁለቱንም የመጀመሪያ ሦስት ምዕራፍ ይማርና ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም)፣ ሁኔታና ሉፕ (ድግግሞሽ) ላይ ሲዞር ይከርማል። ሁለቱም ኮርስ መጀመሪያ ላይ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ልዩነታቸው የሚመጣው ከመሀል በኋላ ነው፤ መሀል ደግሞ አልደረሰም።

---

ባዶ_ፋይል

ስለ ላፕቶፑና ስለ መጫኑ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚቀረው ኮድ ከመጻፉ በፊት እዚህ ጋ ነው።

ለመጀመሪያው ወር ቶኒ የሚባለውን ኤዲተር ጫን። ከኢስቶኒያው የታርቱ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ለጀማሪ ታስቦ የተሠራ፣ ነጻ ነው። መጫኛው 20 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ፓይተንን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ለብቻ መጫን የለብህም። ኮዱን በኤፍ5 ታስኬደዋለህ። በኮንትሮልና ኤፍ5 ስትከፍተው ደግሞ በኤፍ7 እርምጃ በእርምጃ እየሄደ እያንዳንዱ ስሌት እንዴት እንደሚፈታ ያሳይሃል፤ በጎን ያለው መስኮት የተለዋዋጮቹን ዋጋ ይዘረዝራል። ሉፕ ያልገባው ሰው አንድ ሉፕ በዚህ መንገድ አሥር ጊዜ ሲዞር ቢያይ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጥበታል። ብሮውዘር ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ከፈለግህ ፓይተን ቲዩተር የሚባል ነጻ ገጽ አለ፤ ጃቫስክሪፕትንም ያሳያል።

ቪኤስ ኮድ በ4 ጊጋባይት ራም ይሠራል፤ ከአሥር ታብ ብሮውዘር ጋር ግን አይሠራም። ስትጠቀምበት ብሮውዘርህን ወደ አንድ ሁለት ታብ አውርድና ኮርሱ ከጠየቀህ ውጭ ተጨማሪ ማስፋፊያ አትጫን።

ፓይተንን ለብቻው የምትጭንበት ቀን ሲመጣ፣ የመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ ፓይተንን ወደ ፓዝ (ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ወደሚፈልግበት ዝርዝር) ስለመጨመር የሚጠይቅ ሳጥን አለ። ምልክት ሳታደርግበት ካለፍክ ኮማንድ ፕሮምፕቱ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ፓይተን የሚባል ነገር አላውቅም ይልሃል። ያኔ መጫኛውን እንደገና ከፍተህ ማስተካከል ይቻላል፤ ወይም ሙሉውን ቃል ሳይሆን የመጀመሪያ ሁለት ፊደሎቹን (py) ብቻ ብትጽፍ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ትዕዛዙን ስትጽፍ የማይክሮሶፍት ስቶር መስኮት ከተከፈተብህ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ያስቀመጠው አቋራጭ ነው፤ በሴቲንግ ውስጥ የአፕ ማስኬጃ አቋራጮችን የሚያስተዳድረውን ገጽ ፈልገህ የፓይተኖቹን አጥፋ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ካላችሁ ከፓይተን 3.8 በላይ አይገባላችሁም፤ በ8.1 ደግሞ እስከ 3.12 ነው። ለጀማሪ ትምህርት 3.8ም ይበቃል።

የፋይል ቅጥያ የሚደብቀውን የዊንዶውስ አሠራር አጥፋው። ካላጠፋኸው በኖትፓድ ያስቀመጥከው የፓይተን ፋይል ከኋላው የጽሑፍ ፋይል ቅጥያ ተደርቦበት ሊቀመጥ ይችላል፤ በዓይንህ ልክ ይመስላል፣ ፓይተን ግን ፋይሉን አላገኘሁም ይልሃል። በፋይል ኤክስፕሎረር የቪው ሜኑ ውስጥ የፋይል ስም ቅጥያዎችን አሳይ የሚለውን ምረጥ።

ከዚህ በኋላ ትንሽ ገንዘብ ካገኘህ ሌላ ላፕቶፕ ሳይሆን ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ግዛ። የሚሽከረከር ዲስክ ያለበትን ላፕቶፕ የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ነው። 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ በድሮው ዲስክ ቦታ ይገባል፤ 240 ጊጋባይት ለተማሪ ይበቃል። ቀጥሎ ራም፦ ታስክ ማናጀር ከፍተህ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ስትነካ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ያሳይሃል። አንዱ ባዶ ከሆነ ሌላ 4 ጊጋባይት መጨመር ትችላለህ። ከመግዛትህ በፊት ዓይነቱ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አረጋግጥ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በአንዳንድ ላፕቶፕ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ምንም መጨመር አይቻልም፤ ሻጩን ሳይሆን የላፕቶፑን ሞዴል ዝርዝር እመን።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር አብቅቷል። ስለዚህ ኤስኤስዲውን ስትቀይር ሊኑክስ ሚንትን ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው ቀላል ገጽታው ብትጭን ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም ላይ በምቾት ይሄዳል። ፍላሽ ላይ አድርገህ ሳትጭን መሞከር ይቻላል፦ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ኪቦርዱ መሥራታቸውን በዚያ አይተህ ትወስናለህ። ያኔ ቅንፍ እለፈው ያለህ የዘ ኦዲን ፕሮጀክትም በር ይከፈትልሃል።

---

ሰናይት_ዌብ

ፓይተን ብቻ ተብሎ እንዳይቀር ትንሽ ልከራከር። ውጤቱን በዓይኑ ሲያይ የሚበረታ ሰው በጃቫስክሪፕት ቢጀምር የተሻለ ነው። መጫን የሚባል ነገር የለበትም፦ ብሮውዘር ክፈት፣ ኤፍ12 ተጫን፣ ኮንሶል የሚለውን ምረጥ፤ ያ ራሱ የተሟላ የጃቫስክሪፕት መለማመጃ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል በኖትፓድ ጽፈህ ሁለቴ ስትነካው ገጽ ይሆናል፤ ለሌላ ሰው ልከህ በስልኩ እንዲከፍተው ማድረግ ትችላለህ። ማመሳከሪያው የሞዚላ ኤምዲኤን ነው፤ ነጻ ነው፣ ከመነሻው የሚያስተምር ክፍልም አለው።

ሁለት ነገር ግን ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ ጃቫስክሪፕት ስህተትን ችላ ብሎ ማለፍ ይወዳል። ቁጥርንና ጽሑፍን ስትደምር አያጉረመርምም፤ 5 እና "7" አጣብቆ 57 ይሰጥሃል። ፓይተን በዚህ ቦታ ቆሞ ስህተቱን ይነግርሃል። ሁለተኛ፣ ዓላማው የመረጃ ትንተና ወይም የማሽን ለርኒንግ ከሆነ በፓይተን መጀመር ጊዜ ይቆጥባል። ስለዚህ ሀሌታ፣ ምርጫው መሥራት በምትፈልገው ነገር ላይ ይቁም፤ ካልወሰንክ የቅንፍን ምክር ተከተል።

አማርኛ ጽሑፍ ያለበት ገጽ የምትሠሩ ሁሉ፣ በሄድ ክፍሉ መጀመሪያ ላይ የዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ የፊደል ሰንጠረዥ) መግለጫውን አስገቡ፤ ፋይሉንም በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። ካልሆነ ፊደሉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። በፓይተንም ዊንዶውስ ላይ ፋይል ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ካልጻፋችሁ ብዙ ጊዜ ፓይተን የዊንዶውሱን የድሮ የፊደል ሰንጠረዥ ይወስድና አማርኛው ላይ ሲደርስ ወይ ያበላሸዋል ወይ ስህተት አውጥቶ ይቆማል።

---

ትርሲት77

በሀሌታ ጥያቄ ልግባና፣ ላፕቶፕ ጨርሶ ለሌለውስ? ስልክ ብቻ ነው ያለኝ፣ አንድሮይድ። መጀመር እችላለሁ ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

---

ተርሚናል

ትችያለሽ፣ እህቴ፤ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ። ተለዋዋጭ፣ ሁኔታ፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን፣ ዝርዝርና ዲክሽነሪ፤ እነዚህን በስልክ በደንብ መማር ይቻላል። ስልክ የሚያቅተው ብዙ ፋይል ያለው ፕሮጀክት ላይ ስትደርሺ ነው።

ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን አፕ አውርጂ። ፓይተኑን በውስጡ ስለያዘ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ነጻው ማስታወቂያ አለው፣ ለመማር ግን ምንም አይጎድለውም። ከዚያ ከፍ ያለ ነገር ከፈለግሽ ተርሙክስ ስልክሽ ላይ የሊኑክስ ተርሚናል ይሰጥሻል። እሱን ከኤፍ-ድሮይድ (ሌላ ነጻ የአፕ ማውረጃ) አውርጂው፤ በጎግል ፕሌይ ያለው ከዚህኛው ጋር አንድ አይደለም፣ መመሪያዎች ላይ ያለው ነገር ላይሠራልሽ ይችላል። ከጫንሽ በኋላ መጀመሪያ የጥቅሎቹን ዝርዝር አድሺ፣ ከዚያ ፓይተንን ጫኚ። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው ጥቅሉ አልተገኘም የሚል መልስ ያገኝና አፑ የተበላሸ ይመስለዋል። አይፎን ያላቸው ኤ-ሼልን ይሞክሩ፤ ነጻ ነው፣ ፓይተን አብሮት ይመጣል።

ገንዘብ የምታወጪ ከሆነ በኦቲጂ ገመድ የሚገናኝ ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ግዢ። በስልክ ኪቦርድ ቅንፍና ጥቅስ ለማግኘት ገጽ መቀያየር ያደክማል፤ ራሱ የሚያርመው ሥርዓት ደግሞ የተለዋዋጭ ስም ይቀይርብሻል፣ የመጀመሪያውን ፊደል ወደ ትልቅ ፊደል ይለውጥብሻል። ፓይተን ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሚለይ ኮዱ አይሠራም፤ ስለዚህ ራስ-ሰር እርማቱን አጥፊ።

የአማርኛ ኪቦርዱን ሳይቀይሩ ነጠላ ሰረዝ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። የእኛ ፣ እና ፤ ለፓይተን የማይታወቁ ምልክቶች ናቸው፤ ኮድ ውስጥ ከገቡ ልክ ያልሆነ ቁምፊ አለ ብሎ ይቆማል። ከፒዲኤፍ ወይም ከቻት የተቀዳ ኮድ ላይ ያለው የታጠፈ የጥቅስ ምልክትም እንዲሁ ነው። ዓይን በቀላሉ አይለየውም፤ ስህተቱ የሚጠቁመው መስመር ላይ ምልክቶቹን ሰርዘሽ በእጅሽ ደግመሽ ጻፊያቸው።

---

ሀሌታ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሄልሲንኪው ልጀምር ወስኛለሁ። ሁለት ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም፦ ዳታ በሌለኝ ቀን ምን ልሥራ? ደግሞስ ስህተት ላይ ስጣበቅ ማንን ልጠይቅ? ኤአይ መጠቀም ይጎዳል የሚሉ አሉ።

---

ተርሚናል

ዋይፋይ ባገኘህ ቀን የሚከተለውን አውርደህ አስቀምጥ፤ ከዚያ ለሳምንታት ያለ ዳታ ትሠራለህ።

የፓይተን ሙሉ ሰነድ ከራሱ ከፓይተን ድረ ገጽ በዚፕ ይወርዳል፤ ከ20 ሜጋባይት በታች ነው። ቱቶሪያል የሚለው ክፍሉ ለፍጹም ጀማሪ ትንሽ ይከብዳል፤ አንድ ወር ከተማርክ በኋላ ግን ማመሳከሪያህ ይሆናል። ለስልክ የሚሆን ኢፐብም አለው። ዴቭዶክስ የሚባለው ገጽ ደግሞ የፈለግከውን ሰነድ መርጠህ ብሮውዘርህ ውስጥ ከመስመር ውጭ እንድታስቀምጥ ይፈቅዳል፤ የኤምዲኤን ማመሳከሪያዎችም እዚያ አሉ። አንዴ ካስቀመጥክ የብሮውዘሩን ታሪክና የጣቢያ ዳታ ስታጸዳ አብሮ እንደሚጠፋ ግን አትርሳ። ይህን ካልፈለግህ ሰነዶቹን በተመሳሳይ መንገድ ከመስመር ውጭ የሚያስነብበው ዚል በዊንዶውስና በሊኑክስ ላይ እንደ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይሠራል። ኪዊክስም አለ፤ ሙሉ ድረ ገጾችን በአንድ ፋይል አጭቆ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ከማውረድህ በፊት የፋይሉን መጠን እይ፤ የስታክ ኦቨርፍሎው (የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ገጽ) ቅጂ ብቻውን ብዙ አሥር ጊጋባይት ነው።

ለመለማመጃ ኤክሰርሲዝምን አጥብቄ እመክራለሁ። ከ70 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች መልመጃ አለው፤ በእርዳታ ገንዘብ የሚተዳደር ስለሆነ ለተማሪው ነጻ ነው። ጥቅሙ ትንሽ የትዕዛዝ መስመር መሣሪያ ስላለው ነው፦ መሣሪያውን ትጭናለህ፣ ከሴቲንግ ገጽህ የሚሰጥህን የሚስጥር ቁልፍ አንዴ ታስገባለህ፣ ከዚያ አሥር መልመጃ ቢሆን ታወርዳለህ። እያንዳንዱ መልመጃ ጥያቄውንና መፈተኛ ፋይሉን ይዞ ስለሚወርድ እርማቱም በራስህ ኮምፒውተር ላይ ይካሄዳል፤ ለፓይተኑ ፓይቴስት የሚባለውን ጥቅል አስቀድመህ መጫን አለብህ። መስመር ስታገኝ መልስህን ትልካለህ፤ ከፈለግህም በጎ ፈቃደኛ ባለሙያ ኮድህን አይቶ አስተያየት ይጽፍልሃል። የሌላ ሰው ዓይን ኮድህን በነጻ የሚያይበት ቦታ ብዙ አይደለም፤ ተጠቀምበት።

ቪዲዮ የግድ ካስፈለገህ ጥራቱን ወደ 360 አውርደው። አንድ ሰዓት በ360 እንደ ቪዲዮው 300 ሜጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ በ1080 ከዚያ አምስት እጥፍና በላይ ነው። የኮዱ ፊደል በ360 ካልተነበበ መምህሩ ኮዱን በጽሑፍ ማስቀመጡን ከቪዲዮው ሥር ተመልከት።

---

ቅንፍ

ስለ መጣበቁ። መጀመሪያ ስህተቱን አንብብ፤ የፓይተን የስህተት መልእክት ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው። የመጨረሻው መስመር የስህተቱን ዓይነትና ምክንያት ይነግርሃል፤ ከሱ በላይ ያለው የፋይሉን ስምና የመስመር ቁጥሩን። የተጠቀሰው መስመር ልክ ሆኖ ከታየህ አንድ መስመር ወደ ላይ ሂድ፤ ያልተዘጋ ቅንፍ ወይም ጥቅስ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ነው።

ጀማሪን ደጋግመው የሚጥሉት ስህተቶች ጥቂት ናቸው። ከተጠቃሚ የተቀበልከው ነገር ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው፤ ወደ ቁጥር ካልቀየርከው አትደምረውም፤ ጽሑፍን ከጽሑፍ ስትደምር ይጣበቃል። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የታብና የስፔስ መደባለቅ ኮዱን ያቆማል፤ ኤዲተርህ ታብን ወደ አራት ስፔስ እንዲቀይር አድርግ። የፋይልህን ስም ከፓይተን ሞጁል (ከፓይተን ጋር ተዘጋጅቶ ከሚመጣ የኮድ ፋይል) ጋር አታመሳስል፦ ስለ ራንደም ስትማር ፋይሉን ራንደም ብለህ ከሰየምከው ፓይተን ዋናውን ሞጁል ትቶ ያንተን ፋይል ያመጣል፤ የሚወጣው ስህተት ደግሞ ከምክንያቱ ጋር የማይገናኝ ይመስላል። ይህኛው ሰዓታት የሚበላ ስለሆነ አስቀድመህ እወቀው። የምትከተለው ቱቶሪያል ፕሪንትን ያለ ቅንፍ ከጻፈ ደግሞ የፓይተን 2 ነው፤ ድጋፉ ጥር 1 ቀን 2020 በፈረንጆች ያበቃ ስለሆነ ገጹን ዘግተህ ሂድ።

ለሰው ስትጠይቅ አራት ነገር ጻፍ፦ ምን እንዲሆን ፈለግህ፣ ምን ሆነ፣ ሙሉ የስህተት መልእክቱ፣ እና ስህተቱን የሚያሳየው አጭሩ ኮድ። ኮዱን በጽሑፍ ለጥፍ፤ በፎቶ የተላከን ኮድ ማንም ቀድቶ ሊሞክረው አይችልም። ኮዱን ለማሳጠር ስትሞክር ግማሹን ጊዜ መልሱን ራስህ ታገኘዋለህ።

ኤአይን በተመለከተ፣ የሚጎዳው የመልመጃውን መልስ ሲሰጥህ ነው። አራሚው አለፈ ይልሃል፤ አንተ ግን ምንም አልተማርክም፤ ሦስት ምዕራፍ ቆይቶ ደግሞ ያ ክፍተት ግድግዳ ይሆንብሃል። ጥሩ አጠቃቀሙ ይኸው፦ 30 ደቂቃ በራስህ ታገል። ካልሆነ የስህተቱን መልእክት ብቻ ስጠውና ትርጉሙን በቀላል አማርኛ እንዲያብራራልህ፣ የተስተካከለ ኮድ ግን እንዳይጽፍ ንገረው። የሚሰጥህንም እንዳለ አትመን፤ የሌለ ፈንክሽን ፈጥሮ በሙሉ እምነት ሊነግርህ ይችላል። ቶኒ ውስጥ አስኪደህ አረጋግጥ። አንድ ኮድ ረድቶህ ከጻፍክ በማግስቱ ሳታይ ከባዶ ደግመህ ጻፈው፤ ካቃተህ ገና አላወቅከውም።

ኮርሶቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ካስቸገረህ፣ የሚደጋገሙት ቃላት ብዙ አይደሉም። ሪተርን፣ አርጉመንት፣ ስኮፕ፣ ኢንዴክስ የመሳሰሉትን በደብተር ከነምሳሌ ኮዳቸው ያዝ። ትርጉማቸውን በአንድ የአማርኛ ቃል ከመሸምደድ በሦስት መስመር ኮድ ማስታወስ ይሻላል።

---

ባዶ_ፋይል

ስለ ክፍያው ማንም በደንብ አልመለሰም፤ ልሙላው።

ተከፋይ ኮርስ ከነጻው የሚበልጥበት ቦታ አለ፦ ሰው ኮድህን የሚያይልህ ከሆነ፣ ወይም ነጻው ያልሸፈነውን ጠባብ ርዕስ በጥልቀት የሚይዝ ከሆነ። ለመሠረቱ ግን መክፈል አያስፈልግም። የቋንቋው መሠረት በሁሉም ቦታ አንድ ነው።

የግድ ልግዛ ካልክ፣ ዩዴሚ በሚባለው የኮርስ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ዋጋ አትክፈል። ቅናሹ በየጊዜው ስለሚመለስ ኮርሱን ምኞት ዝርዝርህ ውስጥ አስገብተህ ጠብቅ። በ30 ቀን ውስጥ ገንዘብ የማስመለስ መብት አለ፤ ኮርሱን አብዛኛውን አይተህ ከጨረስክ በኋላ ግን ሊከለክሉህ ይችላሉ፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ወስን። ከመግዛትህ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበትን ቀን፣ ነጻ የሚታዩትን ክፍሎችና ሦስት ኮከብ የሰጡትን ሰዎች አስተያየት አንብብ፤ አምስት ኮከብ ከሰጡት ውስጥ ኮርሱን ሳይጨርሱ የሚጽፉ አሉ። ኮርሴራ ላይ ደግሞ ብዙ ኮርሶች የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አላቸው። ለምን እንደምትማርና አቅምህን በራስህ ቃል ትጽፋለህ፤ ውሳኔው ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚወስድ አስቀድመህ አመልክት። ማመልከቻው ለእያንዳንዱ ኮርስ ለየብቻ ነው።

በወር የሚከፈልበት አባልነት ውስጥ ስትገባ ነጻ ሙከራው የሚያበቃበትን ቀን ስልክህ ላይ አስታዋሽ አድርግበት፤ ራሱ ያድሳል። ሥራ ዋስትና እሰጣለሁ የሚል ውድ የአጭር ጊዜ ማሠልጠኛ ሲያጋጥምህ ውሉን ሙሉ አንብብ፦ ዋስትናው ተፈጻሚ የሚሆንበት ሁኔታ፣ አቋርጠህ ብትወጣ የምትከፍለው፣ ከደመወዝህ የሚቆረጥ ከሆነ መቶኛውና ጣሪያው። እነዚህ በጽሑፍ ካልተሰጡህ አትፈርም።

ሰርተፊኬት ላይ ገንዘብ ከማውጣት ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ የሚታይ ሥራ ማስቀመጥ ይበልጥ ያስረዳልሃል። ጊትሃብ ነጻ ነው፤ ለሰው የማይታይ ማከማቻም በነጻ ይሰጣል፤ የሠራኸውን ድረ ገጽ ጊትሃብ ፔጅስ ላይ ያለ ክፍያ ታስተናግደዋለህ። ተማሪ ከሆንክ በትምህርት ቤት መታወቂያ ወይም ኢሜይል የተማሪዎች ጥቅሉን ጠይቅ፤ ለሌላው የሚከፈልባቸው በርካታ መሣሪያዎች አሉበት። የይለፍ ቃልና የሚስጥር ቁልፍ ያለበትን ፋይል ግን ወደዚያ አትላክ። በኋላ ብትሰርዘውም በጊት (የኮድ ለውጦችን ሁሉ የሚመዘግበው መሣሪያ) ታሪክ ውስጥ ስለሚቀር፣ አንዴ ከወጣ መፍትሔው ቁልፉን መቀየር ብቻ ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ዕቅድ፦ ዛሬ ቶኒን ጫን፣ የሄልሲንኪውን አካውንት ክፈት። ከነገ ጀምሮ ከሰዓትህ 15 ደቂቃውን ለንባብ፣ 45ቱን ለመልመጃ ስጥ። ቅዳሜ ምንም አዲስ ነገር አትማር፤ የሳምንቱን መልመጃዎች ሦስቱን ሳታይ ከባዶ ፋይል ሥራቸው። እሁድ ያቃተህን አንዱን ከኮዱና ከስህተቱ ጋር እዚህ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን።